ጀርመን ውስጥ የማይታየው ሰርግ

ጁባ፣ ሸሪካት
ጥቅምት 8 ቀን 2017

ልጄ ጀንነት፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱ ጀመረ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ይጠዘጥዘዋል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

በስልክ ጠይቀሽኝ በወረቀት ስመልስልሽ እንዳትስቂብኝ። ስልኩን የማነሳው ሱቅ ውስጥ ነው። አንዷ ላዋ የሚባለውን የትከሻ ጨርቅ ታስለካለች፣ ሌላዋ ጥቅል ጨርቅ እየጎተተች «በከም? በከም?» እያለች ዋጋ ትጠይቃለች፣ አባትሽ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ደብተር ላይ ስጽፍ ግን የልቤን አደርሳለሁ። ገጹን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

የወንድምሽን ሰርግ ሳታዪ መቅረትሽ እኔንም ያንገበግበኛል። የመኖሪያ ፈቃድሽ እስኪታደስ ከጀርመን መውጣት እንደማትችዪ ለስንቱ እንዳስረዳሁ አትጠይቂኝ። ሙደሲር ጥቁር ልብስ ለብሶ ላቡ እስከ ጫማው ወረደ። ዓፊፋ ግን ሙሽራ ብቻ አይደለችም፣ ጨረቃ ነበረች። ዳክ ሁሉንም ቀርጾታል። ዳክን ታስታውሺዋለሽ፤ ጋምቤላ ስደተኛ ጣቢያ ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ የሚበልጠው፣ እዚሁ ጁባ ቡሉክ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የከፈተው ልጅ። ዘመድ ሁሉ በያለበት ይየው ብሎ በነፃ ነው ኢንተርኔት ላይ የጫነልን።

«በአገርሽ አይታይም» የሚለው ለምን እንደሆነ እኔ ምን አውቄ? ዳክም አላወቀም። ተዪው ልጄ፣ ሰው ወደዚያ ሲመጣ በፍላሽ እልክልሻለሁ።

እናትሽ ጀውሀራ


ላይፕዚግ
ጥቅምት 15 ቀን 2017

እማዬ፣

ወአለይኪ ሰላም። ጽሕፈትሽ እንዴት እንደሚያምር ረስቼው ነበር። ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ፣ ግን «ተዪው» ያልሽኝን አልተውኩትም። የማስተርስ ጽሑፌን የምሠራው በምን ላይ እንደሆነ ስነግርሽ «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» ብለሽ ስቀሽ ነበር አይደል? ይኸው ሥራው ቤታችን ድረስ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሰው ቪዲዮና ሙዚቃ የሚጭንባቸው ትልልቅ ድረ ገጾች የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይለጠፍባቸው ኃላፊነት ይውሰዱ ብሎ ደንግጓል። መመሪያው አንድ ነው፤ ሃያ ሰባቱ አገሮች ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው አዋጅ አድርገው ጻፉት። አንድ ጣቃ ለሃያ ሰባት ልብስ ሰፊ እንደመስጠት ነው፤ ሁሉም በራሱ ልክ ሰፋው። የእኔ ጥናት ማን የት ላይ እንዳጠበበ፣ ማን እንዳሰፋ መመልከት ነው።

አክስቴ ጣሂራን ጠየቅኋት፤ ሮተርዳም ሆና ሰርጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታዋለች! ድንበር ተሻግሮ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው እኮ። ለምን እዚያ ይታያል፣ እዚህ አይታይም? መልሱን ገና አላገኘሁትም፣ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ዳክ የደረሰውን ማስታወቂያ ላከልኝ። ማሽኑ የያዘው ዓፊፋ ስትገባ የሚሰማውን ዘፈን ነው፤ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። የዘፈኑ ስም «የጓሮ በር»፣ ዘፋኟ ፀሎት የምትባል ሴት። የድሮ ካሴቶችን ሰብስቦ የሚሸጥ አንድ ኩባንያ የእኔ ነው ብሏል። ስለዚች ዘፋኝ የትም ፈልጌ አጣሁ። ፎቶ የለ፣ የአባት ስም የለ።

ዳክ ይህን ዘፈን ከየት አመጣው? የጀርመን ሕግ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ የቀረበን እስከ አስራ አምስት ሰከንድ የሚደርስ ድምፅ፣ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ ካልተገኘበት፣ ማሽን በራሱ እንዳያግደው ይከለክላል። ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ግን ከዚያ እጅግ ያልፋል።

አባባን ሳሚልኝ።

ጀንነት


ጁባ፣ ሸሪካት
ጥቅምት 24 ቀን 2017

ልጄ ጀንነት፣

ቶሎ ስላልመለስኩልሽ አፉ በዪኝ። ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ የሚመጣው የጨርቅ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተይዞ አራት ቀን ከረመ። አባትሽ በቦዳ ሞተር ሄዶ ሾፌሩን ሲሳደብ ዋለ፣ ከዚያ ደግሞ ምሳ ጋበዘው። ታውቂው የለ።

ዓፊፋ መልካም ልጅ ናት። ሻይ ላይ ስኳር ታበዛለች እንጂ ሌላ እንከን አላየሁባትም።

ዘፈኑን ከየት እንዳመጣው ለጠየቅሽኝ፣ ገበያ ውስጥ በፍላሽ የማይሸጥ ነገር አለ? አንዱ ሰጥቶት ይሆናል። ልጁን በጥያቄ አታስጨንቂው። እንዳልሽው አስራ አምስት ሰከንድ ብቻ ያስቀርና ይቁረጠው። ሙሽራ ለመግባት አስራ አምስት ሰከንድ መች አነሳት? ነገሩ እዚያ ላይ ያብቃ።

ጣሂራ ሌላ ነገር ነገረችሽ እንዴ? አብዝታ ታወራለች፣ ሁሉን አትመኚ።

ፈተናሽ መቼ ነው? ስለ እሱ ጻፊልኝ።

እናትሽ


ላይፕዚግ
ኅዳር 3 ቀን 2017

እማዬ፣

ፈተናዬ በየካቲት ነው። ደህና ነኝ፣ እየበላሁም ነው።

አሁን የምጽፍልሽን ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ ካስቀየምኩሽ ከወዲሁ ይቅር በዪኝ።

ዳክ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ዘፈኑን ቢቆርጠውም የተመዘገበበት ክስ አይነሳለትም። ይህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያው ነው። የመጀመሪያው ባለፈው ዓመት በሌላ ሰርግ የመጣ ነው። ሦስተኛ ከደረሰው ድረ ገጹ የእሱን ገጽ ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል። ስድስት ዓመት የቀረጻቸው ሰርጎች፣ ምርቃቶች፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ሁሉ እዚያ ነው ያለው፤ ደንበኛ የሚያገኘውም በዚያ ነው። «አንድ ሰርግ ላይ አንዱ ሬዲዮ ከፍቶ ቢገኝ አለቀልኝ» አለኝ።

«ታዲያ ዘፈኑን የሰጠህን ሰው ንገረኝ፤ ምናልባት ፈቃድ ይኖረው ይሆናል» አልኩት።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ጀንነት። እኔ እችለዋለሁ።»

«ዳክ፣ ማን ነው የሰጠህ?»

«አደራ ነው» አለኝና ወሬ ቀየረ። ድምፁ ግን የሚችለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

አክስቴ ጣሂራ ጋ ደወልኩ። ፀሎት የምትባል ዘፋኝ ታውቂ እንደሆነ ስላት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ «እናትሽን ጠይቂ» ብላ ዘጋችው።

ዘፈኑን ብቻ እንድትልክልኝ አክስቴን ለመንኳትና ላከችልኝ። አስር ጊዜ ሰማሁት። የወጣት ድምፅ ነው፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚፈራ። ግን «በ»ን ስትል ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ነው የምትለቀው፣ ልክ አንቺ «ጀንነት፣ በይ ነዪ!» እያልሽ ከጓሮ ስትጣሪኝ እንደምትዪው።

እማዬ፣ ፀሎት ማናት?

ጀንነት


ጁባ፣ ሸሪካት
ኅዳር 14 ቀን 2017

ልጄ፣

አንብበሽ ስትጨርሺ ለማንም አታሳዪ።

ፀሎት እኔ ነኝ።

አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ኮልፌ ታላቅ ወንድሜ ሙባረክ ዘንድ ነበር የምኖረው። ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት እየሄድኩ ጫፍ እሰፋ ነበር። ከጀርባችን ባለው ክፍል ደበበ የሚባል አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ካሴት ይቀርጽ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። እኔ ስሰፋ አንጎራጉራለሁ። አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ገባና «ቀረጻዬ ላይ የምትገባው ማናት?» አለ። ሁላችንም በፍርሃት አንገታችንን ደፋን። «ልቆጣ አይደለም» አለ፣ «ደግማ እንድትገባ ነው።»

አራት ዘፈን ቀረጽን። ሙባረክ ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ በስሜ እንዲወጣ አልፈለግሁም። ከጎኔ የምትሰፋው ልጅ ፀሎት ትባል ነበር። «የእኔን ውሰጂ፣ እኔ እንደሆነ አልዘፍንበት» አለችኝ። በተዋስኩት ስም ካሴቱ ወጣ። ብዙም አልተሸጠ። በሁለተኛው ዓመት አባትሽ ሽማግሌ ላከ። የእሱ ቤተሰቦች ስለ እኔ ሲጠይቁ ሙባረክ «ድምፅዋ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ናት» አላቸው። እኔም ከጎን ሆኜ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው።

ጣሂራ ብቻ ታውቃለች፤ ካሴቱን ለእኔ የደበቀችልኝ እሷ ናት። አምና አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ቤት ወስጄ ወደ ፍላሽ አስቀየርኩት። ለዳክ የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ሙሽራዋ ስትገባ ይህን አድርግ፣ ማን እንደሰጠህ ግን ለማንም አትናገር» አልኩት። ለምን አደረግሽው ካልሽኝ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አንድ ጊዜ መስማት ፈለግሁ። የሸሪካት ሴቶች እልል እያሉበት፣ አባትሽ ራሱ እያጨበጨበ፣ ማንም ሳያውቅ። ማሽን ያውቀኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እኔን ራሴን የረሳኝ ዘፈን ነው።

የፈረምኩት ወረቀት የለም። ደበበ የቀሚስ ጨርቅ ነው የሰጠኝ።

ዳክ በእኔ ምክንያት እንዲህ መሆኑን አልነገረኝም ነበር። ትናንት ሱቅ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄደ፣ አንድም ቃል አልተነፈሰ። አሁን ሳስበው ፊቱን ማየት ያሳፍረኛል።

አባትሽ አያውቅም። እባክሽ።

እናትሽ


ላይፕዚግ
ኅዳር 19 ቀን 2017

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ትራም ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድኩ። የምጠይቅሽ ብዙ ነገር አለ፣ ግን ለእሱ ሌላ ቀን አለኝ። አሁን ዳክን የሚመለከተውን ብቻ።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ዳክ ቪዲዮውን ያወርዳል፣ ማስጠንቀቂያውን ይቀበላል፣ አንቺም እንዳለሽ ትኖሪያለሽ። ዳክ ይህን አድርግ ቢባል ያለ ጥያቄ ያደርገዋል። ለዚህ ነው አንቺ ሳትፈቅጂ ለእሱ ያልነገርኩት።

ሁለተኛው አቤቱታ ነው። የጀርመን አዋጅ አቤቱታ ሲቀርብ ድረ ገጹ ሁለቱንም ወገን እንዲሰማና ቢዘገይ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲወስን ያስገድዳል። የሚወስነውም ማሽን ሳይሆን የማያዳላ ሰው መሆን አለበት። ይህን አንቀጽ ለፈተና ስንት ጊዜ ሸምድጄዋለሁ፤ የእናቴን ድምፅ የሚሰማ ሰው ማለት መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ለአቤቱታው ዘፋኟ ራሷ መጻፍ አለባት። እኔ ነኝ፣ ድምፁ የእኔ ነው፣ በልጄ ሰርግ ላይ እንዲሰማ የፈቀድኩት እኔ ነኝ ብላ በእውነተኛ ስሟ። ጽሑፉ ለኩባንያውም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ ቃል ልገባልሽ አልችልም።

የቱን እንድትመርጪ እንደምፈልግ አትጠይቂኝ። ይቅርታ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም።

ጀንነት


ጁባ፣ ሸሪካት
ኅዳር 22 ቀን 2017

ልጄ፣

ከዚህ ጋር የላክሁት ገጽ ለእነሱ ነው። ወደ ጀርመንኛ ገልብጪው። ጽሑፉ አጭር ነው ብለሽ አታስረዝሚው።

አስራ አምስት ሰከንድ ይበቃል ብዬሽ ነበር። አይበቃም። ትናንት፣ ማታ ሰው ሲተኛ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ ተዘግቶ ሰዎቹ ለዙህር ሶላት ሲሄዱ፣ በጆሮ ማዳመጫ አደመጥኩት። አስራ አምስት ሰከንድ ላይ ገና አኮርዲዮኑ ነው፤ እኔ አልገባሁም።

በስሜ ጽፌያለሁ። ጀውሀራ ሸምሱ። አባትሽ ከሌላ ሰው ሳይሰማ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ።

እናትሽ


ላይፕዚግ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017

እማዬ፣

መጀመሪያ መልካሙን ልንገርሽ፤ እግዱ ተነስቷል። የዳክ ማስጠንቀቂያም ተሰርዟል። ስነግረው በኑዌር ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ትርጉሙን ስጠይቀው «ለእናትሽ እንጂ ለአንቺ አይደለም» አለኝ። ሳቅሁ።

ቀጥሎ ሌላው። ኩባንያው መልስ ሲሰጥ አንድ ወረቀት አቅርቦ ነበር። ጥር 1984 የተጻፈ ውል። ከታች «ፀሎት» ተብሎ ተፈርሟል። ፊርማውን ሳየው ከደብተርሽ ጋር ማስተያየት እንኳ አላስፈለገኝም። አልፈረምኩም ብለሽኝ ነበር። ዳክን ያጠፋሁት መሰለኝ።

ግን ውሉን አነበብኩት። «በካሴት ታትሞ ለገበያ እንዲውል» ይላል፤ ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ኩባንያው የደበበን ካሴቶች ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ጠቅልሎ ነው የገዛው፤ ኢንተርኔት ላይ ለማዋል መብት እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት አላቀረበም። አቤቱታውን አይታ የወሰነችው ሴት ይህንኑ ጽፋለች። ይህ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም፣ ነገ ሊከሱ ይችላሉ፤ ፕሮፌሰሬ ግን የሚገፉበት አይመስለኝም ብላለች። ሆላንድ ውስጥ ለምን እንዳልታገደ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለኩባንያው ጽፌ ጠይቄያለሁ፣ አልመለሱም። ጥናቴ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይሆናል።

ሰርጉን አየሁት። ሙደሲር እንዳልሽው በላብ ቀልጧል። ዓፊፋ ስትገባ ካሜራው አንቺ ላይ ነው። ዳክ ሙሽራዋን ትቶ ሙሉ አንድ ደቂቃ አንቺን ነው የቀረጸው። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል።

ስለ አባባ በስልክ «ደህና ነው» ብቻ ነው የምትዪኝ። ነገርሽው?

ጀንነት


ጁባ፣ ሸሪካት
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017

ልጄ ጀንነት፣

ስለ ፊርማው አውፍ በዪኝ። አልዋሸሁሽም፣ ረስቼው ነው። ወይም ደግሞ ረሳሁት ብዬ ራሴን አሳምኜ ነው። የፈረምኩት በሰው ስም ስለሆነ የእኔ አልመስል ብሎኝ ይሆናል። የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ። የዚያን ጊዜ እጄን ማየት አማረኝ።

አባትሽን የነገርኩት ደብዳቤውን በላክሁልሽ ማግስት ነው። በስልክ የማይወራ ስለሆነ ነው የደበቅሁሽ። ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ላዋ እየለካ ነበር። ሴትዮዋ ጎረቤት ሱቅ ብቅ ስትል፣ ድፍረቴ ሳያልፍ ብዬ «ሐጂ፣ ሰርጉ ላይ ሙሽራዋ ስትገባ የሰማኸው ድምፅ የእኔ ነው» አልኩት።

«የቱ ድምፅ?»

«የዘፈኑ።»

መለኪያው እጁ ላይ እንደቆመ ቀረ። «መቼ?» አለኝ።

«ከአንተ በፊት።»

«ስንት ዘፈን?»

«አራት።»

ሴትዮዋ ተመለሰች። ሁለት ሜትር አስበልጦ ቆረጠላት፤ አባትሽ! ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ቀን ስለ ሱቅ ካልሆነ አላናገረኝም። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። በአስራ ሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ «ዳክ ያውቅ ነበር?» አለኝ። «ዘፈኑን እንደሰጠሁት እንጂ ድምፁ የእኔ መሆኑን አያውቅም ነበር» ብዬ ማልኩለት። የተጎዳው በዘፈኑ አልነበረም ልጄ፣ በእኔ ዝምታ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ሌላ ሰው ቀድሞት የሚያውቅ መስሎት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለሙደሲር እየተወ መውጣት ጀመረ። ጀበል ኩጁር ሰፈር ሰው ልጠይቅ ነው ይለኛል። አንድ ቀን ዳክ መንገድ ላይ አገኘኝና «ማማ ጀውሀራ፣ ሐጂ እኔ ጋ ምን እየሠሩ እንደሆነ ያውቃሉ?» አለኝ። የዓባይን ድልድይ በቦዳ እየተሻገረ ቡሉክ እሱ ቤት ይሄዳል አሉ። ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ያንን ዘፈን ይሰማል፣ «አንዴ ድገመው» ይላል። ሻይ ቢያቀርብለት አይጠጣም። አመሰግናለሁ ብሎ ይወጣል። ስድስት ቀን።

እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆንኩ። ባለፈው ዓርብ ከጁሙዓ ሲመለስ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ አገኘኝ። የውሃ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን ተውሽው?» አለኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጣሂራ እንኳ አልጠየቀችኝም። ሙባረክ እንዳይሰማ ነው ብዬ ነው ለራሴ ስነግር የኖርኩት። አፌን ከፍቼ ያንኑ ልለው ስል አልወጣ አለኝ፤ እውነት አይደለማ። ሙባረክ አልሰማም፣ ማንም አልከለከለኝም። ደበበ ለሁለተኛ ካሴት ቀጥሮኝ ነበር። የዚያን ቀን ዘነበ፣ ታክሲ አጣሁ፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ። ይኸው ነው። እንዲሁ ነው የነገርኩት።

ይቆጣ ይሆን፣ ይስቅ ይሆን ብዬ ፊቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ጉልበቱን እያሸ «በይ እስቲ» አለ።

«ምን ልበል?»

«እሱን ነዋ።»

ዓፊፋ ኩሽና ውስጥ ናት፣ ጎረቤት አጥር ወዲያ ማዶ ነው፣ እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እርጥብ አንሶላ እጄ ላይ እንደያዝኩ ጀመርኩት። ድምፄ ሸካራ ሆኗል፣ ቀጭኑ ቦታ ላይ አልደረስኩም። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረስኩ። ሁለተኛው መሃል ላይ ቃሉ ጠፋኝ፤ ቆምኩ።

አባትሽ መሬት መሬቱን እያየ ቀጣዩን ቃል አቀበለኝ።

እናትሽ ጀውሀራ